በብሪታንያ ምሕንድስናንና የባሕርን ሳይንስ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ስለ መምረጥ፤ አንድ ታሪካዊ ምርመራ

፩. የጥያቄው ምንነት

ከጓደኞቻችን መካከል የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ወደ ውጭ አገር ሄደው ለመማር የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ምሕንድስናን ወይም የባሕርን ሳይንስ ለመማር ብሪታንያን የሚመርጡ አሉ። ታዲያ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከስም የሚያልፍ አይደለም። ስሙ የገነነው ይቀድማል፤ ስሙ ያልተሰማው ይቀራል። በየዓመቱ የሚወጣው የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ሠንጠረዥም ይህንኑ ልማድ አጠነከረው እንጂ አልለወጠውም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከታሪክ በኩል ልንመረምረው አስበናል። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው። በብሪታንያ የምሕንድስናና የባሕር ሳይንስ ትምህርት ሥር የሰደደው በወደብ፣ በመርከብ መሥሪያና በቴሌግራፍ ሽቦ አጠገብ ነው፤ ስመ ጥሩዎቹ ጥንታውያን ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሉት ዘግይተው ነው። ስለዚህ መራጩ ከስሙ አስቀድሞ «ይህ ትምህርት ቤት ከየትኛው ሥራ ጋር አብሮ አደገ? ዛሬስ ከየትኛው ሥራ ጋር ይኖራል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል እንላለን። ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ጠይቆ፣ መልሱንም በገዛ እጁ ሥራ ያገኘ አንድ የሩቅ አገር ተማሪ ስላለ፣ የእርሱን ታሪክ እንደ ዋና ማስረጃ እንወስዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፪. ጥንታውያኑና አዲሶቹ

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ የሚሰጠው ትምህርት በተለይ የጥንት ቋንቋዎች፣ የሃይማኖት ትምህርትና ሒሳብ ነበር። መሐንዲስ የሚባለው ሰው ዕውቀቱን የሚያገኘው ከዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ከአንድ አዋቂ ባለሙያ ዘንድ ገብቶ፣ ዓመታት አብሮት ሠርቶ ነበር የሚማረው። የእንፋሎትን መኪና ያሻሻለው ጄምስ ዋት በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሳይንስ መሣሪያ ሠሪና አዳሽ ነበር እንጂ ተማሪ አልነበረም። የባቡር ሐዲድ አባት የሚባለው ጆርጅ ስቴፈንሰንም ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች መካከል የወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ብሪታንያ በመኪና ሥራ ዓለምን ቀድማ ሳለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቿ ስለ መኪና የሚያስተምሩት ነገር እምብዛም አልነበረም።

ይህን ክፍተት መሙላት የጀመሩት አዲሶቹ ትምህርት ቤቶችና የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ በ1838 የምሕንድስና ክፍል ከፈተ። በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስናና የሜካኒክስ የፕሮፌሰርነት ወንበር አቆመች፤ የመጀመሪያውም ባለወንበር ሉዊስ ጎርደን ሆነ። በ1841 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የባቡር ሐዲድ መሐንዲሱን ቻርልስ ቪኞልስን የሲቪል ምሕንድስና ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመ። ኬምብሪጅ የሜካኒክስ ፕሮፌሰሩን ጄምስ ስቱዋርትን የሾመው በ1875 ነው። ኦክስፎርድም የመጀመሪያውን የምሕንድስና ሳይንስ ፕሮፌሰር ያገኘው በ1908 ነው። ከግላስጎ ጋር ሲነጻጸር የኬምብሪጅ መዘግየት 35 ዓመት፣ የኦክስፎርድ 68 ዓመት መሆኑን አንባቢው ልብ ይለዋል።

ሁለተኛም ነገር አለ። ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እምነት ለማይቀበል ሰው እስከ 1850ዎቹ ድረስ ዲግሪ አይሰጡም ነበር። ከመምህርነትና ከአስተዳደር ሹመት የሚከለክለው ደንብም የተሻረው በ1871 በወጣው ሕግ ነው። በ1826 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ማንንም ተማሪ ስለ እምነቱ አይጠይቅም ነበር። ለባዕድ አገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሩ የሚከፈትለትና የሚዘጋበት በዚህ ነበርና።

፫. አምስቱ ጃፓናውያን በለንደን

በ1863 ከጃፓን የቾሹ ግዛት አምስት ወጣቶች በድብቅ ወደ ብሪታንያ መጡ። ስማቸውም ኢቶ ሂሮቡሚ፣ ኢኖዌ ካዎሩ፣ ኢኖዌ ማሳሩ፣ ኤንዶ ኪንሱኬና ያማዎ ዮዞ ይባላል። በዚያ ዘመን ከጃፓን ያለ ፈቃድ መውጣት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። እገዳው የተነሣው በ1866 ነው። ወጣቶቹ ይህን ሁሉ አደጋ የተቀበሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የውጭ የጦር መርከቦች በአገራቸው ጠረፍ ቆመው ውል በግድ ሲያስፈርሙ አይተው ነበር። መርከቡን የሚመክት መርከብ፣ መርከቡንም የሚሠራ ሰው እንደሚያስፈልግ ተረድተው ነበር።

በለንደን የተቀበላቸው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ አሌክሳንደር ዊልያምሰን ነው፤ የገቡበትም ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ነበር። ከላይ እንደ ገለጽነው፣ እምነት የማይጠይቅ፣ የሳይንስ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት በመሆኑ ለእነርሱ ተስማሚ ነበር። ኢቶና ኢኖዌ ካዎሩ ግዛታቸው ከምዕራባውያን መርከቦች ጋር ሊዋጋ መሆኑን ሰምተው በ1864 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሦስቱ ቆዩ። ከእነዚህም ኢኖዌ ማሳሩ የማዕድንና የባቡር ሐዲድ ትምህርት ተከትሎ ኋላ የጃፓን ባቡር ሐዲድ አባት ለመባል በቃ። ኤንዶም በአገሩ የገንዘብ ማተሚያ ሥራ ታወቀ።

ያማዎ ዮዞ ግን በ1866 ለንደንን ትቶ ወደ ግላስጎ ሄደ። ለመንገዱና ለኑሮው የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው፣ በ1865 ወደ ብሪታንያ ከመጡት የሳትሱማ ግዛት ተማሪዎች ተበደረ። ሳትሱማና ቾሹ በዚያ ጊዜ ገና ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት መመለሳቸው ነበር፤ በለንደን ያሉ ልጆቻቸው ግን ከኪሳቸው አዋጥተው ላኩት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በለንደን ጥሩ ፕሮፌሰርና ጥሩ ቤተ ሙከራ ሳለ፣ ያማዎ ለምን ተበድሮ ወደ ሰሜን ሄደ? መልሱ ግላስጎ በምትገኝበት በክላይድ ወንዝ ዳር ነው። ሊማር የፈለገው የመርከብ ሥራ ነበር፤ መርከብ ደግሞ የሚሠራው እዚያ ነው።

፬. ቀን መዶሻ፣ ማታ ደብተር

ያማዎ በግላስጎ ከሮበርት ኔፒየር የመርከብ መሥሪያ ገባ። ኔፒየር በ1840 አትላንቲክን ማመላለስ ለጀመሩት የኩናርድ የእንፋሎት መርከቦች መኪናዎቹን የሠራ ሰው ነው። ያማዎ ቀን ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ አንደርሰን ኮሌጅ ሄዶ ይማራል። ይህ ኮሌጅ በ1796 በፕሮፌሰር ጆን አንደርሰን ኑዛዜ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለሠራተኛው ሕዝብ የማታ ትምህርት በመስጠት የታወቀ ነበር። በዚያው የማታ ትምህርት ሄንሪ ዳየር የሚባል ስኮትላንዳዊ የፋብሪካ ተለማማጅም ይማር ነበር። የሁለቱ ስም ኋላ እንደገና አንድ ላይ ይነሣል።

በዚያው ዘመን በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናውን ወንበር የያዘው ዊልያም ራንኪን ነበር። ራንኪን ከ1855 እስከ ሞተበት እስከ 1872 ድረስ ሲያስተምር፣ ዋና ትግሉ ንድፈ አሳብና ሥራ ጠላቶች ናቸው የሚለውን የቆየ አስተያየት ማፍረስ ነበር። በስኮትላንድ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በክረምት ወራት የሚሰጥ ስለ ነበር፣ የምሕንድስና ተማሪው በበጋው በመርከብ መሥሪያ ወይም በመኪና ፋብሪካ መሥራት ይችል ነበር። እንዲህ ያለው ተማሪ ቀመሩን በመጽሐፍ አይቶ፣ ብረቱ ሲታጠፍ በዓይኑ ያየዋል፤ ብረቱ ሲሰበር አይቶም ወደ ቀመሩ ይመለሳል።

ከያማዎ የግላስጎ ቆይታ አንድ ሌላ ነገር መጥቀስ ይገባናል። በመርከብ መሥሪያው ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች በእጅ ምልክት እየተነጋገሩ ከሌሎቹ እኩል ሲሠሩ አየ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1871 ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ለመንግሥቱ ማመልከቻ አቀረበ። ይህ በየትኛውም የትምህርት መርሐ ግብር ላይ የተጻፈ አልነበረም። ተማሪ ከመረጠው ከተማ የሚወስደው ነገር ከመረጠው ትምህርት የሰፋ መሆኑን ያሳየናል።

፭. የተማሪው መመለስ

ያማዎ በ1868 ተመለሰ። በ1870 የተቋቋመው የሥራ ሚኒስቴር ሹማምንት ከሆኑት አንዱ ሆኖ፣ የምሕንድስና ትምህርት ቤት እንዲከፈት አጥብቆ ተከራከረ። ተቃዋሚዎቹ «ኢንዱስትሪ በሌለበት አገር መሐንዲስ ምን ይሠራል?» ይሉት ነበር። የእርሱ መልስ፣ ዛሬ ኢንዱስትሪ ባይኖር እንኳ ሰዎቹ ከተማሩ ኢንዱስትሪውን ራሳቸው ያመጡታል የሚል እንደ ነበረ ይነገራል።

ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሲፈለግ ራንኪን ከመሞቱ በፊት የራሱን ተማሪ ሄንሪ ዳየርን መረጠ። ይህ ያ የአንደርሰን ኮሌጅ የማታ ተማሪ ነው። ዳየር በ1873 ቶኪዮ ሲደርስ ገና 25 ዓመት አልሞላውም ነበር። የትምህርቱንም ዝርዝር በመርከብ ላይ ሳለ አዘጋጅቶት ነበር። ትምህርቱ 6 ዓመት የሚፈጅ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለጠቅላላ ሳይንስ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ለሙያው ትምህርት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ በሥራ ላይ ለመለማመድ ነበሩ። የግላስጎን ክረምትና በጋ ዳየር በዚህ አኳኋን ወደ ዓመታት ለወጠው። እንዲህ ያለ የተዋሐደ ትምህርት በዚያ ጊዜ በብሪታንያም ቢሆን አልነበረም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ1879 ወጡ፤ ቁጥራቸው 23 ነበር። ከእነዚህ 11ዱ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ብሪታንያ ተላኩ። ለጥናታችን ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። የሄዱበት ስፍራ ከሙያቸው ጋር የተስማማ ነበር። የቴሌግራፍ ትምህርት የተማረው ሺዳ ሪንዛቡሮ የአትላንቲክን ሽቦ ወደ ሠራው ወደ ዊልያም ቶምሰን ወደ ግላስጎ ሄደ። የሕንጻ ሥራ የተማረው ታትሱኖ ኪንጎ ወደ ለንደን ሄዶ በአንድ ዕውቅ የሕንጻ ሠሪ ቢሮ ሠራ፤ በ1914 የተከፈተው የቶኪዮ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ የእርሱ ሥራ ነው። የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ የሆነው ዋታናቤ ካይቺ ደግሞ በ1886 ከግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በፎርዝ ድልድይ ሥራ ላይ ተቀጠረ። ድልድዩ ጭነት እንዴት እንደሚሸከም ለሕዝብ ለማስረዳት በተነሣው የታወቀ ፎቶግራፍ ላይ በመካከል ተቀምጦ የሚታየው እርሱ ነው። ግንኙነቱ እየጠነከረ ሄዶ በ1901 የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ለመግቢያ ፈተና የጃፓንን ቋንቋ እስከ መቀበል ደረሰ።

የተመለሱት ምሩቃን ቀስ በቀስ የውጭ አገር መምህራንን ተኩ። ትምህርት ቤቱም በ1886 ከቶኪዮው የንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ። እርግጥ ጃፓን የተነሣችው በዚህ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ አስቀድሞ የነበረ የእጅ ጥበብ፣ የተስፋፋ ንባብና ገንዘብ የሚመድብ መንግሥት ነበራት። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ቢኖሩ፣ ምን እንደሚማርና የት እንደሚማር አስተውሎ የመረጠ ሰው ባይገኝ ኖሮ፣ ትምህርት ቤቱ በዚያ መልክ አይሠራም ነበር።

፮. ሽቦው የከፈተው ባሕር

እስካሁን ስለ ምሕንድስና ተናገርን። የባሕር ሳይንስም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ እንዲያውም ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ የቴሌግራፍ ሽቦ ነው።

በ1840ዎቹ ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከ300 ፋዘም፣ ማለት ከ550 ሜትር ገደማ በታች፣ በባሕር ውስጥ ሕይወት አይኖርም የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙዎችም ተቀበሉት። በ1860 ግን በሰርዲኒያና በአልጄሪያ መካከል በሜዲትራኒያን ተዘርግቶ የነበረው ሽቦ ተበላሽቶ ሲነሣ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት በነበረው ክፍሉ ላይ ኮራልና ሌሎች እንስሳት ተጣብቀው ተገኙ። ሽቦውን ካነሡት አንዱ መሐንዲሱ ፍሊሚንግ ጄንኪን ነበር። እንስሳቱ በሽቦው ላይ ያደጉ መሆናቸው ስለ ታየ፣ ከላይ የወደቁ ናቸው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ሆነ። ይኸው ጄንኪን በ1868 በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የምሕንድስና ፕሮፌሰር ሆነ።

በኤዲንበርግ የተፈጥሮ ታሪክ ፕሮፌሰር የነበረው ዋይቪል ቶምሰን ይህን ማስረጃ ይዞ፣ ጥልቁን ባሕር የሚመረምር መርከብ እንዲሰጠው ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ሆኖ መንግሥቱን ጠየቀ። «ቻሌንጀር» የተባለችው የጦር መርከብ አብዛኞቹ መድፎቿ ተነሥተውላት፣ በምትካቸው ቤተ ሙከራ ተሠርቶላት በታኅሣሥ 1872 ተነሣች። እስከ ግንቦት 1876 ድረስ 68,890 የባሕር ማይል ተጉዛ በ362 ስፍራዎች ጥልቀትን፣ ሙቀትን፣ የባሕር ወለልን ጭቃና እንስሳትን መረመረች። ከዚያ በፊት ያልታወቁ 4,700 ያህል የእንስሳትና የዕፅዋት ዓይነቶች ተገኙ። ውጤቱ ከ1880 እስከ 1895 ድረስ በ50 ጥራዞች ታተመ። ቶምሰን በ1882 ስለ ሞተ፣ ሥራውን በኤዲንበርግ የፈጸመው ጆን መሪ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ የባሕር ሳይንስ እንዲወለድ የሊቁ ጥያቄ ብቻውን እንዳልበቃ ነው። ሽቦ የሚዘረጋ መርከብ፣ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ፣ ክብደት የሚስብ የእንፋሎት መኪና አስፈልጎታል። ዊልያም ቶምሰን በ1872 ገደማ በገመድ ፋንታ በቀጭን የፒያኖ ሽቦ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ሠራ፤ የባሕርን ሞላና ጎደል አስቀድሞ የሚያሰላ መኪናም ያሠራው እርሱ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ «መሐንዲስ ልሁን ወይስ የባሕር ሳይንስ ልማር?» ብሎ ሲያመነታ፣ ሁለቱን በአንድ ግቢ የሚያገናኝ ዩኒቨርሲቲ መፈለግ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

፯. የወደብ ከተሞች ትምህርት ቤቶች

ከዚህ በኋላ የመጡትን ትምህርት ቤቶች በአጭሩ እንመልከት። በግላስጎ የመርከብ ሠሪው የጆን ኤልደር ባለቤት ኢዛቤላ ኤልደር በ1883 ለዩኒቨርሲቲው 12,500 ፓውንድ ሰጥታ የመርከብ ንድፍ ሥራ የፕሮፌሰርነት ወንበር አቆመች። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው በደምባርተን የዴኒ የመርከብ ኩባንያ የመርከብ አምሳያ የሚፈተንበት ረጅም የውኃ ገንዳ ሠራ። በሊቨርፑል ዊልያም ኸርድማን በ1892 በአይል ኦፍ ማን ደሴት በፖርት ኤሪን የባሕር እንስሳት ምርምር ጣቢያ አቋቋመ። በ1919 ደግሞ እርሱና ባለቤቱ የውቅያኖስ ጥናት ወንበር አቆሙ። በዚያው ዓመት በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሞላና ጎደል ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ መሪዎቹም ጆሴፍ ፕራውድማንና አርተር ዱድሰን ነበሩ። በሰኔ 1944 የኅብር ጦር በኖርማንዲ ሲወርድ የተጠቀመበትን የሞላና ጎደል ሰዓት ያሰላው ይኸው ዱድሰን ነው።

በኒውካስል በ1871 የፊዚካል ሳይንስ ኮሌጅ የተከፈተው ለማዕድን፣ ለመኪናና ለመርከብ ሥራ የሚሆኑ ሰዎችን ለማስተማር ነው። ኮሌጁ ከብዙ ለውጥ በኋላ በ1963 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ1908 ጀምሮም በከለርኮትስ የባሕር ቤተ ሙከራ ነበረው። በፕሊመዝ በ1862 የመርከብ መንዳት ትምህርት ቤት፣ በ1888 ደግሞ የባሕር ሕይወት ማኅበር ቤተ ሙከራ ተከፈተ፤ የትምህርት ቤቱ ወራሽ የሆነው ኮሌጅ በ1992 ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በሳውዝሃምፕተን በ1862 የሃርትሊ ተቋም በሚል ስም የተመሠረተው ትምህርት ቤት በ1952 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዚያች ከተማ ወደብ ዳር ትልቅ የውቅያኖስ ጥናት ማዕከል ተሠራ፤ «ዲስከቨሪ»ና «ጄምስ ኩክ» የተባሉት የምርምር መርከቦች መነሻቸው እዚያ ነው።

ነገር ግን ታሪክ የሚያስተምረው መነሣትን ብቻ አይደለም። የክላይድ የመርከብ መሥሪያዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እየተዳከሙ ሄዱ፤ ያማዎ የሠራበት የኔፒየር ግቢ ዛሬ የለም። አንደርሰን ኮሌጅ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1964 የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ንድፍ ክፍልም በ2001 ከስትራትክላይድ ጋር ተዋሐደ። የፖርት ኤሪን ጣቢያ በ2006 ተዘጋ። ስለዚህ የቆየ ታሪክን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ተማሪ፣ በስም ብቻ ከሚመርጠው እምብዛም አይሻልም። ታሪክ ጥያቄውን ይሰጠናል፤ መልሱን ግን ከዛሬው ሁኔታ መፈለግ ይኖርብናል።

፰. ነገሩ እኛን የሚነካበት መንገድ

ጃፓን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለችም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በጻፈው ጽሑፍ የጃፓንን መሠልጠን ለአገሩ ምሳሌ አድርጎ አንሥቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው፣ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያረቁት፣ በ1889 የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት መሠረት አድርጎ የተሰናዳ ነው።

ይህን የጃፓን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ዋናው ሰው ኢቶ ሂሮቡሚ ነበር። ኢቶ ደግሞ በ1863 ከያማዎ ጋር በአንድ መርከብ ከአገሩ የወጣው ነው። እንግዲህ ከአምስቱ ወጣቶች አንዱ ሕግ ጻፈ፤ አንዱ መዶሻ ያዘ። የአንደኛው ሥራ በመጽሐፍ ታትሞ እስከ አዲስ አበባ ሊደርስ ቻለ። የሁለተኛው ሥራ ግን እንዲሁ ተገልብጦ የሚመጣ አይደለም፤ ሰው ሄዶ፣ ቀን ሠርቶ፣ ማታ ተምሮ፣ ተመልሶም ሌላውን ማስተማር አለበት። በአገራችን ይህ ሙከራ አልተደረገም ማለታችን አይደለም። በ1942 የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የምሕንድስና ኮሌጅ ተከፍቷል። ይሁን እንጂ ስለ ጃፓን ስንነጋገር የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱንና ሕጉን ነው፤ የመርከብ መሥሪያውን ተማሪ የሚያነሣ ጥቂት ነው።

«ዛሬ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ የባሕር ትምህርት ምን ያደርግላታል?» የሚል ይኖራል። ኤርትራ በ1993 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ የባሕር ጠረፍ እንደሌለን እውነት ነው። ነገር ግን በ1964 የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅታችን ከዚያም በኋላ መርከቦቹን ማስኬድ አላቆመም። መርከብ ያለው አገር መርከቡን የሚያውቅ መሐንዲስ ያስፈልገዋል። የውኃን ጥልቀት፣ ሙቀትና ደለል የሚመረምረው ዕውቀትም ለጣናና ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚያገለግል ነው። «ኢንዱስትሪ በሌለበት መሐንዲስ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ ያማዎ የሰጠው መልስ እዚህም ላይ የሚሠራ ይመስለናል።

፱. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ ለመምረጥ የተዘጋጀ ጓደኛችን ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ጥቂት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ሊማር የሚፈልገው መርከቡን መሥራት ነው ወይስ ባሕሩን ማወቅ? ወይስ ሁለቱን የሚያገናኘውን፣ እንደ ወደብ፣ እንደ ባሕር ሽቦና እንደ ነፋስ ኃይል ማመንጫ ያለውን ሥራ? ይህን ሳይለይ ዩኒቨርሲቲ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ዛሬ በእጁ ምን አለ? የመርከብ አምሳያ የሚፈተንበት ገንዳ፣ ተማሪ የሚሳፈርበት የምርምር መርከብ፣ በባሕር ዳር ያለ ቤተ ሙከራ አለው? ወይስ በታሪኩ ብቻ ይኖራል?

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ በፋብሪካ ወይም በወደብ የሚሠራበት ጊዜ አለው? ለውጭ አገር ተማሪስ ይህ ጊዜ የተፈቀደ ነው? አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሙሉ ዓመት በሥራ ላይ እንዲውል ያደርጋሉ፤ የራንኪንና የዳየር አሳብ የቀጠለው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ የጊዜውና የወጪው ነገር አለ። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደ ልማዱ 3 ዓመት ሲፈጅ በስኮትላንድ 4 ዓመት ይፈጃል፤ በምሕንድስና እስከ ማስተር የሚያደርሰው የተያያዘ ትምህርትም በእንግሊዝ 4፣ በስኮትላንድ 5 ዓመት ነው። የስኮትላንዱ ተጨማሪ ዓመት ለአንዱ ሸክም፣ መሠረቱን ማጠንከር ለሚያስፈልገው ደግሞ ጥቅም ሊሆን ይችላል። የምሕንድስናው ዲግሪ በብሪታንያ የመሐንዲሶች ምክር ቤት ሥር ባሉት የሙያ ማኅበራት የታወቀ መሆኑንም አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይቀራል፤ የተማረውን ሲመለስ ለማን ያስተምረዋል? አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስሙን ይዞ መመለስ መጠምጠም ነው። ያማዎ ከግላስጎ ዲግሪ ይዞ አልተመለሰም፤ አንድ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚቆም አውቆ ተመለሰ። ከእርሱ በኋላ በ1879 የተመረቁት 23 ሰዎች ግን ዲፕሎማቸውን የተቀበሉት በገዛ አገራቸው፣ በቶኪዮ ነው።